የማዕጢ አልጌ

ባሂጃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ቀይ የባሕር አልጌዎችን ስታገላብጥ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ዓይኗን ስትጨፍን እንኳ የሚታያት ቀይ ነው። አልጌዎቹ መንታ ይመስላሉ። አንደኛው ኤል ጀዲዳ ከተማ ወደብ አጠገብ ካለው አለት ላይ ይበቅላል፤ እሱን ራሷ በብርጭቆ ዕቃ ትለቅማለች። ሌላው ጥቁሩ ድንጋይ ከሚሉት ቦታ ነው፣ ጠላቂ ካልወረደ የማይገኝ። በአጉሊ መነጽር ቢያዩአቸውም ልዩነት አይወጣላቸውም። ልዩነት ካላቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው።

ይህ የአልጌ ወገን ዓሣ እንዳይበላው ክሎሪንና ብሮሚን የገቡባቸው ቅመሞች በውስጡ ያዘጋጃል፤ ዝርያው ሁሉ የየራሱ ቅመማ አለው። ባሂጃ አልጌውን በአልኮል ዘፍዝፋ፣ ጭማቂውን ነጭ ዱቄት የተቀባ መስታወት ጫፍ ላይ ጠብ ታደርገዋለች። መስታወቱን ፈሳሽ ውስጥ ስታቆመው ፈሳሹ ሽቅብ እየሳበ ቅመሞቹን በየደረጃው ጥሏቸው ይሄዳል። የወደቡ አልጌ አምስት ነጥብ ይጥላል። የጥቁሩ ድንጋይ ስድስት።

ያቺ ስድስተኛ ነጥብ እንጀራዋ ነበረች። አልጌው አዲስ ዝርያ ከሆነ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሲ ጠይብ ቋሚ ቦታ ሊያስገኙላት ቃል ገብተዋል። ካልሆነ ኮንትራቷ ከበጋው ጋር ያልቃል። ስሙ እንኳ ተመርጧል፤ በጠላቂው በማዕጢ ሊጠራ ነው። ሰው ሁሉ በአክብሮት ‹ላላ› የሚላት የማዕጢ ሚስት ያምና ይህን ያልነገረችው ጎረቤት የለም።

«ጽሑፉን ሐሙስ ለሳይንስ መጽሔቱ እንልካለን» አሏት ሲ ጠይብ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ። «አንድ ትኩስ ናሙና ብቻ አምጪና ይለይልን። እኔም ደከመኝ፣ አንቺም ደከመሽ።»

ወደ ማዕጢ ቤት ስትሄድ ሁልጊዜ ባልዲው በአልጌ ተሞልቶ ነበር የሚጠብቃት። ያን ቀን ግን ቀድማ ደረሰች። ላላ ያምና በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ባልዲውን ትፈትጋለች።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ! ማዕጢ ጀልባዋን ሊያይ ወርዷል። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? እዚያ ላቦራቶሪ አልጌ ነው እንዴ የሚያበሉሽ?»

«እሱንም ቢሰጡኝ ምን ነበረበት ላላ ያምና» አለች ባሂጃ እየሳቀች። ወዲያው አፍንጫዋን አንድ ነገር መታው። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«በረኪና ነዋ! ሰርዲን የዋለበትን ባልዲ ለፕሮፌሰሮች ልልክ ኖሯል? አንድ ቀን ሳላጥብ ልኬ አላውቅም። በረኪናውንም ትንሽ ከሥሩ እተውበታለሁ፣ የዓሣው ሽታ እንዳይመለስ። ‹የማዕጢ ሚስት ባለሙያ አይደለችም› ይበሉኝ?»

ባሂጃ የቀረበላትን ሻይ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። በረኪና ክሎሪን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማዕጢ አልጌውን ከባሕር አውጥቶ የጣለው ክሎሪን ውስጥ ነበር።

ማዕጢ ሲመለስ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን የብርጭቆ ዕቃ ሰጠችው። «ዛሬ በዚህ አምጣልኝ።»

«ምነው፣ የያምና ባልዲ አስቀየመሽ?» አላት የጠላቂ ልብሱን እየሳበ። «በባልዲዋ ከመጡባት እኔንም ታባርረኛለች፣ እወቂ።»

በማግሥቱ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ፈሳሹ ሲወጣ አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ታየ። አራተኛው ወጣ፣ አምስተኛውም ተከተለ። ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ብቻ ነበር፤ በረዶ የጣለበት ሜዳ ይመስላል። ብዙ ጠበቀች። ይህን መስታወት አጥባ ብታስቀምጠው የሚያውቅባት እንደሌለ አሰበች፤ ግን ሐሳቡን ይዛ ለመቆየት እንኳ ጉልበት አጣች።

የድሮውንና የአሁኑን መስታወት ጎን ለጎን ሲ ጠይብ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸው።

«ስድስተኛዋ የታለች?»

«በረኪና ናት፣ ሲ ጠይብ። አልጌውን በባልዲው ውስጥ አግኝቶ የለወጠው በረኪና ነው። ሴትየዋ ለክብራችን ብላ ስታጥበው ኖራለች።»

አፈጠጡባት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «የዓለም ጠበብት ፊት በረኪና ይዘን ልንቀርብ!» አሉ። ሳቁ ሲያልቅ ጽሑፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ቦታውን ግን...»

«አውቃለሁ» አለች።

የባሰው ላላ ያምናን ማየት ነበር። ባሂጃ በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻት። «ስሙ ቀረ፣ ላላ ያምና። አልጌው ለካ ድሮም ስም ነበረው። የወደቡ ራሱ ነው።»

«እሺ፣ ስም ያለውን እንዴት ሁለተኛ ስም ያወጡለታል?» አለች ላላ ያምና። «ማዕጢም ቢሆን የመጀመሪያው ይበቃዋል። ለጎረቤቶቹ ምን እንደምል ግን እንጃ።» ከግድግዳው ሥር ባልዲውን አንሥታ ዘረጋችላት። «ለሚቀጥለው ይሁንሽ፣ አዘጋጅቼዋለሁ።»

የሚቀጥለው እንደሌለ ልትነግራት አፏን ከፈተች። የላላ ያምና ጣቶች ግን ከበረኪናው ብዛት ነጥተው፣ ጫፎቻቸው ተሰነጣጥቀው ነበር። ከዚያ በፊት ልብ ብላ አይታቸው አታውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ባልዲውን ይዛ ወደ ባሕሩ ወረደች፤ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ሽታው እስኪለቅ ድረስ አለቀለቀችው። ደግማ ደጋግማ አለቀለቀችው። ከዚያ ባዶውን ባልዲ ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ አውቶቡሱ ሄደች።