ዘመድ የሌላት ወፍ

ቢያዝን በሚስቱ እንኳን እንዲህ ቀንቶ አያውቅም። አሁን ግን በአንዲት አስቀያሚ ወፍ ቀና፤ ያውም አንጀቱ እስኪያር።

ጣና ዳር ባለው የአእዋፍ ማቆያ ባለዘውድ ሽመላዎቹን የሚንከባከብ እሱ ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት ከእነሱ ጋር ነው፤ ሽመላዎቹም ክንፋቸውን ዘርግተው ይጨፍሩላቸዋል። በሽቦ የታጠረ፣ ኩሬ ያለው ሰፊ ቤት ሲሠራ ጊዜ “ለልጆቼ ነው” ብሎ ላገኘው ሁሉ አውርቷል።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ዶክተር ማህሌት ግን ሽመላዎቹን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ዘይቱና የምትጠብቃት ወፍ ፊት ቆመች። ዘይቱና የቁንዝላ አሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ወፏን ጫጩት ሳለች ከፈረሰ ጎጆ አንስታ፣ በእጇ አጉርሳ ነው ያሳደገቻት። ወፏ ቡናማ ናት፤ ራሷ መዶሻ ይመስላል፤ በየቦዩ ዳር እንቁራሪት ስትለቅም የምትታይ ዓይነት።

“ሽመላ ብዙ የአጎት ልጆች አሉት” አለች ማህሌት። “ይች ግን በአዝጋሚ ለውጥ ብቻዋን የቀረች ናት። የእሷ ዓይነት ከጠፋ ቅርንጫፉ ከነሥሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ሰፊው ቤት ለእሷ ይገባል።”

“ዘመድ ስለሌላት ልትሾም ነው እንዴ?” አለ ቢያዝን። “እኔ ስንት ዓመት ለፋሁ፣ ዶክተር!”

ማንም አልሰማውም። ዘይቱና ፈገግ ስትል አየና ደሙ ፈላ። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ የወፏን በር ከፍቶ “ሂጅ! ቁንዝላሽ ግቢ!” ብሎ አባረራት።

ጠዋት ዘይቱና ባዶውን ቤት አይታ አለቀሰች። “እኔው ነኝ ሳልዘጋ የሄድሁት” አለች። ሰፊው ቤት ለሽመላዎቹ ሆነ።

ወፏ ግን ሰው የለመደች ናትና ሩቅ አልሄደችም። ከሽመላዎቹ አዲስ ቤት አጠገብ ካለው ዋርካ ላይ ባል አገኘች። ሁለቱ ተጋግዘው ጭራሮ፣ ጨርቅ፣ የተጣለ ነጠላ ጫማ ሳይቀር እየጎተቱ ሰው የሚያስተኛ ጎጆ ሠሩ። ሙሽሮቹ ለሽመላዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ዋርካው አንጋጠጡ። ማህሌትማ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አስተከለች። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ቢያዝን የሽመላዎቹን እህል ይዞ ሲያልፍ ዘይቱና ዋርካው ሥር ቆማ ጠራችው።

“ጋሼ ቢያዝን፣ ለካ በሩን ዘግቼው ነበር፤ ኋላ ትዝ አለኝ። ሆን ብሎ የከፈተላት ሰው አለ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም።” መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች። “አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት! የልቡን ይሙላለት! አሚን ይበሉ እንጂ!”

ቢያዝን ወደ ሽመላዎቹ ዞረ። ፊታቸው አንድም ሰው አልነበረም።

“አሜን” አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።