ሁሌም የሚያመልጠው ሰውዬ

ራምላጋን ልጅ ሳለ፣ ቀትር ላይ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ሁለት ሰዎች በረንዳው ላይ ሲያወሩ ሰምቶ ነበር። አንደኛው አባቱ ነበሩ። የሌላውን ድምፁን እንጂ መልኩን ዛሬ አያስታውሰውም።

«የት ላይ ደረሰበት?»

«መሐሉ ላይ ነው አሉ።»

«ታዲያ አይመለስም ነበር?»

«መጀመሪያ ወደፊት ሮጠ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ወደኋላ…»

የቀረውን አልሰማም። ወይ አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ ወይ እሱ በእውነት ተኝቷል። ሰውየው ማን እንደነበር አልጠየቀም። ልጅ እንዲህ ያለውን አይጠይቅም፤ ውስጡ ግን ያስቀምጠዋል።

ዛሬ ራምላጋን ሃምሳውን አልፏል። በሰሜን ቢሃር፣ ወንዝ ዳር፣ ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ለባቡር መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶችን ሂሳብ ያስተምራል። ፍጥነት፣ ጊዜና ርቀት ከተባለማ የሚስተካከለው የለም ይባላል። ደረቅ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ጥያቄውን ከሰፈራቸው ያወጣዋል። ከሁሉም የሚወዱለት የድልድዩን ነበር።

«ስሙኝ። አንድ ሰው የኛን የባቡር ድልድይ በእግሩ ይሻገራል። ድልድዩን ስምንት ቦታ ብንከፍለው፣ ሦስቱን እጅ እንደሄደ ባቡር ከኋላው ይመጣበታል። ወደፊት ቢሮጥም ወደኋላ ቢሮጥም ለጥቂት ያመልጣል። ባቡሩ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ ሰውየው በስንት ሮጠ?»

«አሥራ አምስት!» ዳሱ ይናጋል።

«ጎሽ! ሰውየው ሁሌም ያመልጣል። ባያመልጥማ ጥያቄ አይሆንም ነበር።»

ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

የብርዱ ወር ገባ። አንድ ማለዳ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ራምላጋን ዳሱን በእጁ እየዳሰሰ ነው ያገኘው። የማዶ ልጆች ይቀራሉ ብሎ ነበር። ገብቶ ሲያይ ግን ሁሉም ተቀምጠዋል።

«ጆኩ ጀልባውን አስሮ እሳት ሲሞቅ አይቼው ነው የመጣሁት። እናንተ በምን ተሻገራችሁ?»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። በመጨረሻ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ፑልኩማሪ፣ ከሁሉም ጎበዟ፣ ቀና አለች።

«በእርስዎ መስመር ነዋ፣ ማስተር ሳሂብ።»

«በምኔ?»

«ድልድዩን በገመድ ለካነውና ሦስት ስምንተኛው ላይ በኖራ አሰመርንበት። ጡሩምባ ስንሰማ መስመሩ ጋ ካልደረስን እንመለሳለን፤ ካለፍነው ወደፊት እንሮጣለን። ቢርጁ እንኳ ገብቶታል።»

«አንቺን ብሎ ተናጋሪ!» አላት ቢርጁ። «ትናንት ነጠላ ጫማሽን ወንዝ ውስጥ ጥለሽ እግሬ አውጪኝ ያልሽው ማን ነበር?»

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ራምላጋን አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጠና ከእንግዲህ ማንም በድልድዩ እንዳይሄድ፣ ዛሬም ሲመለሱ ጀልባ እንዲጠብቁ አዘዘ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ፑልኩማሪን ግን አስቀራት፤ መስመሩን በዓይኑ ማየት ፈለገ።

ድልድዩ ጫፍ ሲደርሱ ጉሙ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ኖራው ከሩቅ ብረቱ ላይ እንደ ጥርስ ብልጭ ይላል። ከሥሩ ውሃው ጥቁር ነው።

ከከተማው በኩል ጡሩምባ ተሰማ። ሁለቱም ከሐዲዱ ዳር ሸሹ። ራምላጋን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ያሯሯጠውን ሰውዬ በልቡ ከመስመሩ ላይ አቆመውና «ሩጥ!» አለው። ሰውየው ወደ እነሱ ዞረ። ከሐዲዱ እንጨት ወደ እንጨት እየዘለለ፣ ጠል ባረጠበው ላይ እየተንሸራተተ፣ ጥቂት እንደተራመደ ባቡሩ በአጠገባቸው እንደ ነፋስ አለፈ። ሰውየው ገና መሐል ነበር። ብረቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ፑልኩማሪ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አልደረሰም» አለች።

«ማን?»

«ሰውየው ነዋ።»

እሷም አሩጣው ኖሯል።

«ስልሳ ያልኩት ለማካፈል እንዲመች ነው፣ ልጄ» አለ ራምላጋን። «ባቡሩን ለክቼው አላውቅም።»

«አሥራ አምስቱስ?»

«እሱም የመጣው ከስልሳው ነው።»

እግሯን አየች። ከተጫማቻቸው ነጠላ ጫማዎች አንዱ የወንድ ነበር። እስከዛሬ በሰላም ያሻገራቸው ሂሳቡ እንዳልነበር ራምላጋን ገባው፤ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን በጸሎት አነቃነቀ። የዚያ የቀትር ወሬም ከነድምፁ ተመለሰበት፦ መጀመሪያ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ።

«ነገ በጀልባ ነው የምትመጡት። አለቀ።»

«ጀልባው ጉሙ ሳይገፈፍ አይነሳም። ልጆቹ ከረፋድ ጀምሮ ጡብ ማቃጠያው ላይ ሲሠሩ ነው የሚውሉት። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ይልቅ እርስዎ ይሻገሩልን። እኛ ቤት ያድራሉ፣ ጠዋት እዚያው ያስተምሩናል።»

«የከተማውን ልጆች የት ልጣላቸው? አንድ ሳምንት ዳሱን ብዘጋ ሌላ አስተማሪ ጋ ነው የሚሄዱት።»

እሷ ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች።

«ልጆቹ ሲወጡ ቢርጁ ምን እንዳለ ሰምተዋል?»

«ምን አለ?»

«‹ማስተር ሳሂብ አርጅተዋል፤ ነገ እንደለመድነው ነው› አለ። እኔ ብነግራቸው ፈሪ ነው የሚሉኝ።»

ራምላጋን ዞር ብሎ ድልድዩን አየ። ጉሙ ከውሃው ላይ እንደገና መነሳት ጀምሯል፤ መስመሩ ግማሹ ተሸፍኗል። ከታች ጆኩ ጉሙ ሳይዘጋበት የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን እየተጣራ ነው።

«እሺ» አለ፤ የዳሱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እሻገራለሁ። አሁኑኑ፣ ከአንቺ ጋር። ለሁሉም እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ከቢርጁ ቤት እንጀምራለን።»