ሽታው ያመጣው ጥይት

ሽታው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል አስረስ መጀመሪያ ጆሮውን አላመነም። የሁለቱ ቤተሰብ ደም ከደረቀ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገበያ፣ በማሽላቸው ድንበር ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ግን ረግጦ አያውቅም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመስኖ ውሃ ተጣልቶ የሽታውን ታላቅ ወንድም የገደለው የአስረስ ወንድም ነበር። ገዳዩም እስር ቤት ታሞ ሞተ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ወይፈን አሳርደው፣ አስምለው አስታረቋቸው።

«ግባ እንጂ» አለ አስረስ።

«የለም፣ መንገደኛ ነኝ።» ሽታው ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ፈትቶ በአስረስ መዳፍ ላይ አኖረው። አሥራ ሁለት የምንሽር ጥይት ነበር። «ከርከሮው ማሽላህን እንደፈጀው አየሁ። ጠመንጃህም ጥይት አጥቶ ተሰቅሏል አሉኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ በእጁ የሞላቸው ናቸው። የኔ ማሽላ ካንተ በታች ነው፤ አንተ ካልመለስከው ወደኔ መውረዱ አይቀርም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አስረስ።

ሽታው ቁልቁለቱን ይዞ ከዓይን እስኪሰወር የአስረስ ሚስት ባንቺአየሁ ከበሩ መቃን ተደግፋ ታየው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት እሳት ያልተጫጫርነው ሰው ዛሬ ጥይት?» አለች። «ደግሞ አልገባም አለ። አደራህን፣ ከጠመንጃህ እንዳታስገባው።»

አስረስ ሳቀባት። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ጥይቶቹን አንድ በአንድ ከጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃቸው። አንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ እንደ ጤፍ ሻሽ ይላል፤ አንዳንዱ ጢም ብሎ ሞልቶ ድምፅ የለውም። የአንድ ሰው ሥራ ነው የተባለ ነገር ለምን እንዲህ ይለያያል?

በማግስቱ ወደ ውጫሌ ወርዶ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ሄደ። ሐይቅ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ፣ ሀሚዱ የሚባል ጠመንጃ ጠጋኝ አለ። በወታደርነቱ ዘመን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን የብረት አልጋ ይበይዳል፤ የገበሬውን ፈቃድ ያለው ጠመንጃም ይጠግናል።

ሀሚዱ ጥይቶቹን አገላብጦ አየ። ከመካከላቸው ሦስቱን መርጦ እርሳሳቸውን ነቀለና ባሩዱን በሦስት ነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ አፈሰሰው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያው እንደተቆረጠ ጥቁር ክር ነው። ሁለተኛው ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሁለቱ ተቀላቅለዋል።

«ምንድን ነው?» አለ አስረስ።

«ባሩድ ነው።»

«ባሩድነቱንማ አውቃለሁ። የምን ባሩድ ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው።» ሀሚዱ ቀና አለ። «ወንድሜ፣ እህል ቢሆን ጤፉን ከዳጉሳ በዓይኔ እለይልህ ነበር። ባሩድ እንዲህ አይደለም። ሁለቱ አንድ መስለው አንዱ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሌላው እንደ መብረቅ ነው። ይህ ጠፍጣፋው የሽጉጥ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩህ። ጉንጩን ከሰደፍ አስጠግቶ በ‹ይመስለኛል› የሚተኩስ የለም።»

«ብተኩሰውስ?»

«ምናልባት ከርከሮህን ትጥላለህ። ምናልባት መቀርቀሪያው ተፈናጥሮ ከግንባርህ ያርፋል።»

አስረስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ሊገድለኝ ነው።»

«ማን?»

«የሰጠኝ።»

ሀሚዱ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ከአስረስ ዓይን አራቃቸው። «ወላሂ፣ እኔ የብረት ሰው ነኝ። ማን ምን ብሎ እንደሞላው ጀሊሉ ይወቀው፤ ባሩድ የሰው ልብ አይናገርም። የቀረውን እዚሁ ተውልኝ፣ ላጥፋልህ።»

«የለም። ለባለቤቱ እመልሳለሁ» አለ አስረስ። ዘጠኙን ቋጥሮ ወጣ።

በሚኒባሱ መስኮት በኩል ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ አስረስ አላየውም። ሐሳቡ ሁሉ ሽታው ነበር። በእርቁ ዕለት ሲምል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ከርከሮው ካስጨነቀው ለምን ራሱ አይተኩስም? እሱስ ምንሽር አልነበረውም? ደም ፈላጊ ሰው ዛሬ ሰው ፊት ተኩሶ አይታሰርም፤ «ጠመንጃው ፈንድቶበት ሞተ» ተብሎ ቢለቀስለት ማን ይጠይቃል? እንዲያውም ለቀስተኞቹን ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። አስረስ የገዛ ለቅሶውን እያየ ውጫሌ ደረሰ።

ለባንቺአየሁ «ጥይቱ ደህና ነው» ብሏት አደረ። ነገሩን ለሽማግሌ እንዳይወስድ ማስረጃው «ይመስለኛል» ነው። ሲነጋ ግን ወደ ሽታው ሰው ላከ፦ ከርከሮው ጎሕ ሲቀድ ከገደሉ ስለሚወጣ ነገ አብረን እንጠብቅ ብሎ።

ሽታው በተባለው ሰዓት መጣ። የያዘው ዱላ ብቻ ነበር። ከድንበሩ ካብ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጤዛው ልብሳቸውን አርሶታል።

«ምንሽርህስ?» አለ አስረስ።

«አባቴ ሲታመም ሸጥኩት። በእጅ የተሞላ ጥይት የሚገዛ ጠፍቶ እነዚህ ቀሩ።»

አስረስ ይህንንም አላመነም። ማንም የማይገዛው ጥይት መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። ጠመንጃውን አነሳና ሽታው ከሰጠው ጥይት አንዱን ጨምሮ ዘረጋለት። «እኔ ዓይኔ ደክሟል። አንተ ተኩስ።»

የሽታውን እጅ ብቻ ይመለከት ነበር። የሚያውቅ ሰው እጁ ያመነታል። የሚያውቅ ሰው «ያንተ ጠመንጃ ነው፣ አንተው» ይላል፤ ሆዴን ቆረጠኝ ይላል።

ሽታው ጠመንጃውን ተቀበለ። ጥይቱን አጎረሰው። መቀርቀሪያውን ዘጋ። ከማሽላው ጫፍ አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ብቅ ስትል ሰደፉን ከትከሻው አገናኝቶ ጉንጩን እንደ ትራስ አስደገፈበት። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

አያውቅም፣ አለ አስረስ በልቡ። ሰውየው አያውቅም።

እፎይ ማለት ነበረበት። ይልቁንም ራሱ ያቀበለው ሞት መሆኑ ታየው። የሽታው ጣት ቃታውን ሲነካ «ተው! አትተኩስ!» ብሎ ጮኸና ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ አላቀቀው። ከርከሮዎቹ ማሽላውን እየሰበሩ ጠፉ።

«ምን ነካህ?» አለ ሽታው።

አስረስ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገረው፤ ሐይቅን፣ ሦስቱን ወረቀት፣ ሀሚዱ ያለውን።

«ይህን መቼ ነገረህ?» አለ ሽታው።

«ከትናንት ወዲያ።»

ሽታው መቀርቀሪያውን ሳበ፤ ጥይቱ አፈሩ ላይ ወደቀ። ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደገፈና ዱላውን አነሳ።

«አውቀህ ነው ያቀበልከኝ» አለ። «ጉንጬን እስካስደግፍ ድረስ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር።»

ቁልቁል ወረደ።

አስረስ ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ለባንቺአየሁ ተናገረ። እሷም «ጥርጣሬውን ያስጀመርኩህ እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውን ያቀበልከው ግን አንተ ነህ» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ከሌላ አፍ ሳይሰሙ ወደ ሽታው ሂድ።»

ባዶ እጁን ሄደ። ሽታው ከደጁ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። ሚስቱ መቅዲ አስረስን ስታይ የያዘችውን ሰፌድ ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች።

«ልገድልህ አልነበረም» አለ አስረስ። «ልፈትንህ ነበር። ብትሞት ግን ገዳይህ እኔ ነበርኩ። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ሽታው መጥረቢያውን አላስቀመጠም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረበ።

«አባቴ በመጨረሻው ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር» አለ ቆይቶ። «ባሩዱን በጣቱ እያሸ ነበር የሚለየው። ከየቆርቆሮው ምኑን ከምኑ እንዳደባለቀው እንጃ። እኔም አልጠየቅኩት፣ አንተም አልጠየቅከኝ።» ቀና ብሎ አስረስን አየው። «እኔስ? በእርቁ ዕለት ሚስትህ የቀዳችልኝን ጠላ አልጠጣሁትም። ከንፈሬን አስነክቼ ከኋላዬ አፈሰስኩት። መርዝ አለበት ብዬ።»

መቅዲ «አንተ!» አለች፤ እሷም መስማቷ ያኔ ነበር።

አስረስ ከግቢው ካብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «መቅዲ» አለ፣ «ጠላ አለሽ?»

መቅዲ ባሏን አየችው። ሽታው ስጪው በሚል ራሱን ነቀነቀላት። ጣሳውን ሞልታ ይዛ መጣችና እንደ ደንቡ ልትቀምስለት መዳፏን ስታዘጋጅ አስረስ እጁን ዘረጋ።

«አትቅመሺው፤ እንዲሁ ስጪኝ።»

ሽታው መጥረብ አቁሞ ያየው ነበር። አስረስ ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ካፈሩ ላይ የተነሳውን ጨምሮ ዘጠኙን ጥይት በሳምንቱ አብረው ሐይቅ ወስደው ለሀሚዱ አስረከቡት። ባሩዱ ምን እንደነበር እሱም እስከ ዛሬ ለይቶ አልነገራቸውም። ከርከሮው ግን አልቀረም፤ በድንበራቸው ላይ ማማ ሠርተው በየተራ ጅራፍ ያጮሃሉ። ባንቺአየሁ አሁንም ሽታው ሲመጣ ከበሩ መቃን ተደግፋ ታየዋለች፤ አንዳንድ ቀን ግን «ግባ እንጂ» የምትለው እሷ ነች።