ሸማኔው ለሠርግ ሲጠራ

ጣሊያን ከወጣ አሥረኛው ዓመት ላይ፣ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ኑርሁሴን የሚባል ሸማኔ ነበር። አዘዞ የሚኖሩት ቄስ ሐብተ ማርያም ከሱ ሌላ ሸማኔ አያውቁም። ጋቢያቸውንም፣ የሚስታቸውን የወለተሩፋኤልን ኩታም የሠራው እሱ ነው። በዚያ ጥር ደግሞ የልጃቸውን የሙሽራ ቀሚስ አዘዙትና፣ "ለሠርጉ ከነቤተሰብህ እንዳትቀር" ብለውት ሄዱ።

ኑርሁሴን እሺ አለ እንጂ መሄዱን ፈራ። ክርስቲያን ወዳጆቹ ሲጠሩት ሥራ በዛብኝ፣ እግሬን አመመኝ እያለ ነበር የሚቀረው። ሥጋቸውን አይበላ፣ ጠላቸውን አይጠጣ፤ ሄዶ ከማሳፈር መቅረት ይሻላል ይል ነበር። አሁን ግን በገዛ እጁ የሠራውን ቀሚስ ለብሳ የምትዳር ልጅ ናት። ሁለት ቀን ሥራ እምቢ አለው።

ሚስቱ ዘሀራ አይታው፣ "ምነው ሼህ ዘይኑን አትጠይቅም?" አለችው።

ሼህ ዘይኑ የመስጊዱ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው መልሰው እሱን ጠየቁት።

"ሰውዬው ክፉ ሠርተውብህ ያውቃሉ?"

"ኧረ የለም። አባቴ የሞተ ዕለት ከአዘዞ በእግራቸው መጥተው ሦስት ቀን ከኔ ጋር ተቀምጠዋል።"

"ታዲያ በሐዘንህ የመጡልህን ሰው በደስታቸው ቀን ልትሸሻቸው? ነቢያችን ያገለግላቸው የነበረ አይሁዳዊ ልጅ ቢታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ጠይቀውታል። ሂድ፣ እንኳን ደስ አለዎት በል፣ ስጦታም ያዝ። መጠጡን አትንካ፤ ሥጋውንም እንደ አገራችን ልማድ ለይ።"

"ቅር ቢላቸውስ?"

"አስቀድመህ ንገራቸው። ሰበብ እየፈጠርክ ስትቀር ነው ቅር የሚላቸው።"

ቄሱ ቀሚሱን ሊወስዱ ሲመጡ ኑርሁሴን፣ "አባ፣ ሠርጉ ላይ እመጣለሁ። ሥጋውና ጠላው ግን..." አላቸው።

ቄስ ሐብተ ማርያም መሳቅ ጀመሩ። "እኔም ሳምንቱን ሙሉ ይኸንኑ ሳስብ ከረምኩ። ሁለት ሙክት ከትክል ድንጋይ ገበያ አስመጥቼ ለብቻ አስሬአለሁ። ወለተሩፋኤልም አዲስ ድስት ገዝታለች። ለየን ብላችሁ እንዳትቀየሙ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

በሠርጉ ቀን ሼህ ዘይኑ ራሳቸው መጥተው ሙክቶቹን ባርከው አረዱ። ከትልቁ ዳስ አጠገብ በተጣለው ትንሽ ዳስ ዘሀራና ጎረቤቶቿ ወጡን ሠሩ። ወለተሩፋኤል ብርዝ በእንስራ አስይዛ መጣችና፣ "ያልፈላ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው የበጠበጥኩት" አለች።

ምሳ እየተበላ ሳለ አያ አድማሴ፣ ከጠዳ የመጡት የሙሽራው አባት፣ ዳስ ተሳስተው ገቡ። ከኑርሁሴን ጎን ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ወጡ ሲሰዱ፣ ኑርሁሴን ቀስ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

"አያ፣ ይኸ የእስላም ነው።"

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ፤ የሼሁን ጥምጥም ሲያዩ ገባቸው። "የወጡ ሽታ ነው መንገድ ያሳተኝ" አሉ።

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ኑርሁሴን ብርዝ ቀዳላቸው። ጠጡ፣ ደገሙ፣ ሙሽራዋ እስክትወጣ ድረስም ከዚያ አልተነሡም። ስለ ጠዳ ጤፍና ስለ ጎንደር ጥጥ እያወሩ ሲስማሙ ዋሉ። ሲለያዩ አያ አድማሴ፣ "የኔ ታናሽ ልጅ ለፋሲካ ማግሥት ናት የምትዳረው፤ አንተ ካልመጣህ ድግስ አልደግስም" አሉት።

ኑርሁሴን በዚህ ጊዜ እግሬን አመመኝ አላለም።