የመጀመሪያዋ ጥይት

«ባንታየሁ ጠመንጃ ሲወለውል ያየ አለ?» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው።

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ያለው የሉሊት ሳሎን ሊያስተዛዝኑ ከጊጊሪው መሥሪያ ቤቷ በመጡ ባልደረቦቿና በቸርች ሰዎች ሞልቷል። አብዛኞቹ አባቷን ባንታየሁን የሚያውቁት በእርጅናው፣ ናይሮቢ እሷ ዘንድ ከመጣ በኋላ፣ ከአስካሪው፣ ከግቢው ዘበኛ ጋር በር ላይ ተቀምጦ ስዋሂሊ ሲለማመድ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ አዳኞችን ሲመራ ያዩት ግን የያኔው የሥራ ጓደኛው ጋሽ ሕዝቅያስ ብቻ ናቸው።

«እኔ አይቻለሁ፤ አስተምሮኛልም» አለች ሉሊት። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ልጅ ሳለች ነው፣ ጎባ። አባቷ ግቢ ውስጥ አጠገቡ አስቀምጧት፣ ጫፉ ላይ ዘይት የነካ ጨርቅ የተጠመጠመበትን ዘንግ በጠመንጃው በርሜል ውስጥ ሰደደው።

«ዘይቱ ዝገት ይከለክላል» አላት። «ለአደን ስትወጪ ግን በደረቅ ጨርቅ ጠራርገሽ ታወጪዋለሽ። ከዚያ አንዴ ኢላማ ላይ ትተኩሻለሽ። ያለዚያ የመጀመሪያዋ ጥይት ካነጣጠርሽበት ትስታለች። አውሬ ደግሞ ሁለተኛዋን ቆሞ አይጠብቅም።»

ያን ሰሞን አባቷ ቤት ይውል ነበር። ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ይመልሳታል። እንደዚያ የተደሰተችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

«እረፍት ላይ ነበር» አለች።

ሰዉ መዝሙር ጀመረ። ጋሽ ሕዝቅያስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ሉሊቴ፣ እረፍት አልነበረም። ተባሮ ነው።»

«ለምን?»

«አጋዘን ሊያድን የመጣ እንግዳ ነበረን። ጠመንጃው እናንተ ቤት አደረ። አንቺ አባቴን ላግዝ ብለሽ፣ ማንም ሳያይሽ በርሜሉን ዘይት በዘይት አደረግሽው። ጠዋት አጋዘኑ ቅርብ ስለነበር፣ ድምፅ እንዳያስበረግገው ብለን ኢላማ ላይ ሳንሞክር ወጣን። እንግዳው ሲተኩስ ከአፈሙዙ ጭስ ቡልቅ አለ። ጥይቷ ልቡን ስታ ሆዱን መታችው። ደሙን ተከትለን ስንንከራተት ዋልን፤ አመሻሹ ላይ አባትሽ ገላገለው። ‹ማነው ዘይት የቀባው?› ብሎ እንግዳው ሲጮህ፣ ባንታየሁ ‹እኔ ነኝ› አለ።»

ሉሊት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ጋሼ፣ እኔ መሆኔን በምን አወቃችሁ?»

«ስንመለስ ቀሚስሽ ዘይት ነክቶታል። ልቆጣሽ ስል አባትሽ ክንዴን ያዘኝ። ‹ተዋት፤ ያገዘችኝ መስሏታል። እንደመሰላት ትደግ› አለኝ። እኔም እስከዛሬ ዝም አልኩ። አሁን ግን እኔም ስሄድ ይህን የሚያውቅለት ሰው አይኖርም።»

መዝሙሩ ቀጠለ።

ታክሲያቸው ሲመጣ እስከ ውጭ ሸኘቻቸው። ጋሽ ሕዝቅያስ ግንባሯን ሳሟት፣ «ጌታ ያጽናሽ» ብለው አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ አስገቡ። ሌላኛውን ሊያስከትሉ ሲሞክሩ ግን ወደ ኋላ ተያዙ። ሉሊት የኮታቸውን እጅጌ ጨብጣ ነበር።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ሞተሩን አጠፋ።