የቁምሳጥኑ ስድስተኛ በር

ስድስተኛዋ በር ቀልታለች።

ሃጂራ ይህን ያየችው ባሏ ጀይሉ ከተቀበረ በኋላ ነው። የአንዲት ለቀስተኛ ሕፃን ክንዷ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ የምታስተኛበት ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጋ ካራቫኑ ውስጥ ገባች። በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ቁምሳጥኑ ላይ አርፏል። አምስቱ በሮች የደረቀ ትምባሆ የመሰለ ቡናማ ናቸው። ስድስተኛዋ ከመሃላቸው በጥፊ የተመታ ጉንጭ መስላለች።

«ያ ረቢ» አለች፤ ሕፃኑን አስተኝታ በሯን በጣቷ ነካቻት። ቫርኒሽ ገና አልተቀባችም።

ካራቫኑ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። አቶ ደግፌ የሚባል ሰው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛው። ጣሪያው አፍስሶ አንዱ የቁምሳጥን በር ስለበሰበሰ፣ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ሰፈር እነ ጀይሉ ግቢ ድረስ አስጎትቶ አመጣው። አዲሱን በር የሠራው የጀይሉ ታናሽ ወንድም ኑሕ ነው። ቀለሙን ከአሮጌዎቹ ጋር ማመሳሰል ግን የጀይሉ ሥራ ነበር፤ በሰፈሩ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው የሚሰጥ አልነበረም። ጀይሉ በድንገት ሲሞት ካራቫኑን ከግቢው የሚያወጣው ጠፋ። የለቅሶው ድንኳን ከጎኑ ተጣብቆ ተተከለ።

ከሸራው ማዶ ኑሕ ለሰው ሲያወራ ይሰማታል።

«ወንድሜ እኮ የመጨረሻ ቀለሙን አግኝቶ ነው የሞተው። ራሱ ነው የነገረኝ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

«የጀይሉ አይን!» አለ አንድ ሽማግሌ። «አላህ ይዘንለት።»

ሃጂራ የካራቫኑን በር ገጥማ ቆመች።

የጀይሉን አይን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስኳር በሽታው አይኑን ከነካው ቆይቷል። ሐኪሙ እያከመው እያለ ቀይና ቡናማ ተቀላቀሉበት፤ ቀስ በቀስ ሁለቱም አንድ ሆኑ። ከሕክምና ሲመለሱ፣ አየር ጤና ታክሲ እየጠበቁ፣ ሰው እንዳይሰማ አጎንብሶ ነገራት።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ለኑሕም ለልጃችን ለሲሃምም። ቀለም የማያይ ቀለም ቀቢ ምን ይባላል? ቁምሳጥን የሠራሁለት ሁሉ ነገ በሩን ተሸክሞ ይመጣል። በሚስቱ አይን ነው የሚሠራው ይሉኛል።»

«ወላሂ፣ ለማንም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ጀይሉ የበጠበጠውን ቀለም ቁራጭ እንጨት ላይ ይቀባና ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ሃጂራ ሻይ ይዛ ስትመጣ ቁራጩን አየት ታደርጋለች። ቀለሙ ከሳሳ «ሻይህ ቀጥኗል» ትላለች። ከጠቆረ «ጠቁሯል»። ቀይ ከበዛው «ስኳሩ በዝቷል፣ አትጠጣው» ትልና ብርጭቆውን ይዛ ትመለሳለች። ኑሕ ከትከት ብሎ ይስቃል፤ «እትዬ ሃጂራ፣ ሰውየውን በሻይ ገደልሽው እኮ! አንድ ቀን እንኳ ያለ ነገር አጠጪው!» ሁሉም ነገር የሚያስፈራት ሴት መሆኗን ሰፈሩ ስለሚያውቅ ማንም አልጠረጠረም። ቀለሙ ልክ ሲመጣ ምንም አትልም፤ ሻዩን አጠገቡ አስቀምጣ ትሄዳለች። ጀይሉም ያን ጊዜ ብሩሹን ያነሳል።

ባለፈው ሳምንት ግን ወራቤ፣ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ነበረች። ሴቶቹ ሂና ሲቀቡ እሷ እጇን ሰብስባ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፤ የቡታጋዙን ቱቦ ሲሃም ዘግታ ይሆን እያለች። ያን ጊዜ ጀይሉ ደወለ።

«ሃጂራ! አገኘሁት። ያለ አንቺ!»

«በቀን ብርሃን አየኸው?»

በስልኩ ብሩሹን ቆርቆሮ ላይ ሲያንኳኳ ይሰማታል።

«እርጥብ እያለ ነው ወይስ ደርቆ? አምፑል ስር ከሆነ እኮ...»

«አንቺ ደግሞ! ለሰው ደስታ አይሆንልሽም» አለና ዘጋባት።

በማግስቱ የደወለው ኑሕ ነው። «ጀይሉን ትንሽ አሞታል፣ ነይ» አላት። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ሻንጣዋን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ዕድሜዋን በሙሉ ክፉ ነገር ስትጠብቅ ኖራለች፤ ሲሃም የምትሳፈርበትን ታክሲ፣ የግቢውን የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉን። ክፉው የመጣው ሰርግ ቤት ተቀምጣ ባልጠበቀችው ቀን ነው። ስትደርስ ጀይሉ ተቀብሮ ነበር። «ልቡ ናት» አሏት። ታላቅ እህቱ ዘይነባ በር ላይ ተቀበለቻት፤ ሁለት እጆቿን ይዛ አብራት አለቀሰች።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ጠዋት ኑሕ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አቶ ደግፌ ነገ ለለቅሶ ይመጣል፤ በዚያው ካራቫኑን ልየው ብሏል። የቀረው ቫርኒሽ ብቻ ነው፣ ጠዋት እለቀልቀዋለሁ።»

«በሩን አይተኸዋል?»

«ገጥሜው ከወጣሁ አልገባሁም። ጀይሉ የጨረሰውን ምኑን አያለሁ?»

ሃጂራ ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሰው ልብ አላለችም። ኑሕ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን አያርፍም። ነገ ገብቶ ያየዋል፣ «ወንድሜ ምን ነካው?» ይላል፣ ደግፌ ይሰማል፣ ቀብሩ ሳይደርቅ ሰፈሩ በሙሉ የጀይሉን አይን ያወራል።

ለቀለም የቀን ብርሃን ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንዶቹ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ፣ «ብቻዬን ልስገድ» ብላ ካራቫኑ ውስጥ ገባችና ከውስጥ ቆለፈች። የጀይሉ ቆርቆሮዎች ወለሉ ላይ እንዳሉ ናቸው። ከተረፈችው የቀለም ማስለቀቂያ ቲነር ጨርቅ ላይ አፍስሳ ቀዩን ጠረገች፤ የእንጨቱ ደም ሥር ውስጥ የገባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገች። በጥብጣ አታውቅም፤ አይታ መናገር ብቻ ነው የምታውቀው። ግን ጀይሉ ሲሠራ፣ «ቀይን የሚያበርደው አረንጓዴ ነው» ሲል ሰምታለች። ከቡናማው ቀዳች፣ አረንጓዴውን በክብሪት እንጨት ጫፍ ጣል አደረገችበት፣ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀባች። መስኮቱ ላይ አደረቀችው።

ጠቁሯል።

እንደገና በጠበጠች። ከውጭ በሩ ተንኳኳ።

«ሃጂራ!» ዘይነባ ናት። «ሰው መጥቷል። ምን ሆንሽ?»

«እየሰገድኩ ነው፣ እትዬ ዘይነባ።»

«ይሄን ሁሉ?»

ሁለተኛው ሳሳ። ሦስተኛው ሲደርቅ ከአምስቱ በሮች አጠገብ ያዘችውና ምንም አላለችም። በጨርቅ፣ በጣቶቿ፣ በጥፍሯ ጭምር ቀባች። ስትጨርስ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ቲነር ጉንጭ አይሞላም። እጇን አየች፤ እስከ አንጓዋ ቀልቷል፣ ጥፍሯ ውስጥ ገብቷል። በሩን አየች፤ ጠርዙ ላይ የጀይሉ ቀይ አንድ መስመር ቀርቷል። ቲነሩን ለጠርዙ ሰጠችው።

እጇን በሳሙና አሸችው፣ በአመድ አሸችው። ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም፤ የሳምንት ሂና መሰለ። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ኢዳዋ እስኪያልቅ፣ ወራት ሙሉ፣ አትኳልም፣ ሂናም አትነካም። እጇን ሻርፗ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኑሕ በሩን ቫርኒሽ ለቀለቀው፤ ከሰዓት አቶ ደግፌ መጣ። ድንኳኑ ደጅ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ጎንበስ አለላት።

«ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ሃጂራ።»

ከዚያ ከኑሕ ጋር ወደ ካራቫኑ ገባ። ሃጂራ ጆሮዋን ወደ ሸራው አዘነበለች።

«የቱ ነው አዲሱ?» አለ ደግፌ።

«ይፈልጉት!» አለ ኑሕ።

«ሦስተኛው? አይደለም... እኔ እንጃ። እንዲህ ያለ አይን ከእንግዲህ የት ይገኛል!»

ጀይሉ ከሞተ ወዲህ ሃጂራ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ላላ። ዘይነባ ሻይ ስታቀብላት ሳታስበው ሁለት እጇን ዘረጋች።

ብርጭቆው ዘይነባ እጅ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዘይነባ በሹክሹክታ።

ሃጂራ እጇን ሰበሰበች።

«ሰርግ ላይ የተቀባሽው ነው እንዳልል የመጣሽ ቀን እጅሽን ይዤ ነበር። ንጹሕ ነበር። ብቻሽን በር ዘግተሽ የሰገድሽው ይሄንን ነው?»

አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ሃጂራ አፏን ከፈተች። ቀለም ነው ብትል፣ የምን ቀለም፣ ማን ቀባው፣ ለምን ይመጣል። ኑሕ እዚያው ነው፤ ደግፌ ጫማውን እያሰረ ነው። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ የጀይሉ አይን ላይ ይደርሳል። አፏን መልሳ ዘጋች።

«የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም!» ዘይነባ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ንገሪኝ እንጂ! ለማን ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ሃጂራ።

ሲሃም ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። የራሷን ሻርፕ አውልቃ የእናቷ እጅ ላይ ጣለችው፤ የሚያሳፍር ነገር እንደሚሸፈን።

ያን ቀን ሴቶቹ እንደወትሮው እስከ ምሽቱ መግሪብ ሶላት አልቆዩም። ሲሰናበቷት እጇን የጨበጠ የለም። ዘይነባ የወንድሟን ጋቢ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ድንኳኑ ሲፈርስ ሲሃም ምንጣፍ እየጠቀለለች ቀና አለች።

«እማ፣ አክስቴ ያለችው እውነት ነው?»

ሃጂራ የልጇን ፊት አየች። ቆንጆ አይን አላት፤ የአባቷን።

«ግቢ፣ ይበርድሻል» አለቻት።

ልጅቷ ምንጣፉን እዚያው ጥላ ገባች።

ከቆሼው የቆሻሻ ክምር በኩል የተነሳው ነፋስ የካራቫኑን በር ያንኳኳዋል። ደግፌ ነገ ጠዋት ያስጎትተዋል። ሃጂራ ወጥ ቤት ገብታ ሻይ ቀዳች፤ ስኳር አልጨመረችም። ይዛው ካራቫኑ ውስጥ ገባች። አምፑሉን አብርታ ስድስቱን በሮች አንድ በአንድ አየቻቸው።

ምንም አላለችም። ሻዩን ከስድስተኛዋ በር ስር፣ ጀይሉ ይቀመጥባት የነበረችው በርጩማ አጠገብ አስቀመጠች። መብራቱን አጥፍታ ወጣችና በሩን ቆለፈች።