በረኛውና የእማማ መዲና ዱዓ

ሼህ ሸረፈዲን ከሞቱ ወዲህ የሁዘይፋ ትከሻ ዳግም ቢወልቅ ማን ይመልሰዋል? እማማ መዲና ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ይህንን ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። አምና ከቦሩ ሜዳ ድረስ መጥተው ትከሻውን ወደ ቦታው የመለሱት ወጌሻ ሼሁ ነበሩ። ሌላ ወጌሻ እማማ አያምኑም።

የልጅ ልጃቸው ሁዘይፋ ብሎኬት አምራች ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የሆጤ ሰፈር ቡድን በረኛ። ዛሬ ኮምቦልቻ ወርደው የሚገጥሙት ለዝግጅት እዚያ የሰነበተ የሊግ ክለብ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ደመወዝተኛ ናቸው። «የእነሱ ምት በር ይገነጥላል» ብለው ነበር እማማ ትናንት፤ ሰሚ አላገኙም እንጂ።

ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። ሁዘይፋ ግን ቦርሳውን እንዳነገተ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኳል። እዚህ ቤት የእማማን ዱዓ ሳይቀበል ከደሴ የሚወጣ የለም። እማማ ይህንን ስለሚያውቁ ነው፣ እንዳይሄድባቸው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት።

የቡድኑ አምበል፣ ባጃጅ ነጂው ተውፊቅ፣ ብቅ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም። እማማ፣ በረኛችንን አገቱብን እንዴ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ስንት ሊያገቡባችሁ ነው እንዲህ የምትጣደፉ?»

«የሰፈሩ ሰው ስድስት ብሏል። እኛ በአራት እንገላገላለን።»

«ያለ እሱስ?»

«ያለ እሱማ ሚስባህን ልናቆም ነው። ሚስባህ ደግሞ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።»

እማማ ፈገግታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እምዬ፣ ረፈደ እኮ» አለ ሁዘይፋ።

መዳፋቸውን ዘረጉ። ልጆቹም ዘረጉ።

«አላህ በሰላም ያውርዳችሁ።»

«አሚን።»

«በሰላም ይመልሳችሁ።»

«አሚን።»

«አንተን ደግሞ ኳስ የማይደርስበት ያቁምህ።»

ተውፊቅ አሚን ሊል አፉን ከፍቶ፣ በረኛውን አየና መልሶ ዘጋው።

«እምዬ፣ በረኛ እኮ ነኝ» አለ ሁዘይፋ ቀስ ብሎ። «ኳስ ካልደረሰብኝ ምን ልሠራ እወርዳለሁ? ይሄንንስ አሚን አልልም።»

እማማ ትከሻውን አዩ። ቀጥለው ሲሚንቶ የላጠውን መዳፉን፤ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። አሚን ሳይል ቢሄድ ዱዓቸው እዚሁ ምንጣፍ ላይ ቀረ፣ ልጁን ባዶውን ሰደዱት ማለት ነው። ያ ከወጌሻ ማጣቱ ባሰባቸው።

«እሺ» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ኳሷ ከእጅህ አትውጣ። ትከሻህንም አላህ ይያዝልህ።»

ጮክ ብሎ «አሚን» ያለው ተውፊቅ ነው። ሁዘይፋ በከንፈሩ ብቻ አለው። ፊቱን በመዳፎቹ አበሰ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ወደ ሚኒባሱ ወጣ።